ባሌ የሚያመጣው ዓሣ ንጉሡ ነው ወይስ ስፔናዊው?

 

የዚህ አምድ ደንበኞች እንደምታውቁት እኛ ጋ የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛው የፍቅር ነው። እሱ ከዳኝ፣ እሷ ተለወጠችብኝ፣ ቤተሰብ አልፈቀደልንም... ብቻ ምኑ ቅጡ! የዛሬው ግን ለየት ይላል። የባልና የሚስት ጠብ መሆኑ አልቀረም፤ ጠቡ ግን በሌላ ሴት አይደለም። በዓሣ ነው! አትሳቁ። ደብዳቤውን አንብባችሁ ስትጨርሱ ነገሩ የሚያስቅ እንዳልሆነ ይገባችኋል። ገና ያልተወለደ ልጅ ጉዳይ አለበት።

ደብዳቤው የመጣው ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ ፍሎሪዳ ነው። የእህታችንን ስም እንደ ልማዳችን አንገልጽም። ረዘም ያለውን አሳጥረን እነሆ፦

ደብዳቤው

"ውድ የአምዱ አዘጋጆች፤ ጋዜጣችሁን እህቴ ከአዲስ አበባ በስልክ ፎቶ እያነሳች ትልክልኛለች፤ በጣም ነው የምወደው። እዚህ አገር ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ አያመሽም። አንድ ሱስ ግን አለው። ዓሣ ማጥመድ! ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በጀልባ ይወጣና ማታ በበረዶ ሳጥን ሙሉ ይዞ ይመጣል። ሲገባ ፊቱ እንደ ሙሽራ ነው የሚያበራው።

"እኔ አሁን የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ነው። ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ነፍሰ ጡር የማትበላቸው ዓሦች ዝርዝር ነው። ከነሱ ውስጥ 'ኪንግ ማከረል' የሚል አለ። ልቤ ድው አለ! ምክንያቱም ባሌ የሚያመጣው 'ማከረል' ነው። ስጠይቀው ሳቀብኝ። 'ይሄ እኮ ስፓኒሽ ማከረል ነው፤ ነጠብጣቡን አታዪም?' አለኝ። አምኜው ጠበስኩና በላሁ። በሳምንቱ ጓደኛው ቤታችን መጣና ማብሰያ ቤት የተቀመጠውን አይቶ 'ወንድም፣ ይሄኛው እኮ ልጅ እግር ኪንግ ነው!' አለ። ተከራከሩ፣ አልተስማሙም። ከዚያ ወዲህ እኔ አልበላም አልኩ። ባሌ 'በእጄ ያመጣሁትን ናቅሽብኝ' ብሎ አኮረፈ። አማቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ስልክ ደውለው 'ዓሣ ለእርጉዝ ጥሩ ነው፤ ብዪ ልጄ' ይሉኛል። ማንን ልመን? ሁለቱን ዓሦች በምን ልለያቸው? የበላሁትስ ምን ያደርገኛል? እባካችሁ ምከሩኝ።"

አይዞሽ እህቴ!

እህቴ ሆይ፤ መጀመሪያ አይዞሽ። ሁላችሁም ከፊል እውነት ይዛችኋል። ነርሷ እውነቷን ነው። አማትሽም አልተሳሳቱም። ባልሽ ስለ ነጠብጣቡ የተናገረው ደግሞ ግማሹ ልክ ነው፤ ችግሩ የቀረው ግማሽ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የጤናሽን የመጨረሻ ቃል ከሐኪምሽ ትሰሚያለሽ። ነገር ግን ሁለቱን ዓሦች መለየት ሐኪም አይጠይቅም፤ ዓይንና አንድ ጣት ይበቃል። አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎቼም "እኛ ቆሮሶና አምባዛ እንጂ ማከረል ምን አገባን?" ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። ከመካከላችሁ ነገ ቪዛ የሚመታለት ብዙ ነው፤ እህቱ ወይ ሚስቱ ውጭ አገር ያለችም አይጠፋም።

መጀመሪያ እንተዋወቃቸው

ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ረጃጅምና ቀጫጭን፣ ጀርባቸው አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ የሚመስል፣ ጎናቸው እንደ ብር የሚያበራ፣ ጅራታቸው እንደ ማጭድ ሹል፣ ጥርሳቸውም እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። ሁለቱም በምዕራብ አትላንቲክና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይኖራሉ። ሞቅ ያለ ውኃ ስለሚወዱ ክረምት ሲገባ ወደ ፍሎሪዳ ይወርዳሉ፤ ሲሞቅ ወደ ሰሜን ይወጣሉ። ሁለቱም መንጠቆ ሲይዛቸው እንደ ጥይት ስለሚሮጡ በስፖርት አጥማጆች ዘንድ ይወደዳሉ። ባልሽ ለምን ፊቱ እንደሚያበራ አሁን ገባሽ?

ልዩነታቸው ሲያድጉ ነው የሚመጣው። ስፓኒሹ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ እስከ ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። በመንጠቆ ከተያዙት ሁሉ ክብረ ወሰኑን የያዘው በ1987 እ.ኤ.አ. ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የተገኘው ሲሆን 5.89 ኪሎ ነበር። ኪንጉ ግን ስሙ እንደሚለው ንጉሥ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ላይ የተያዘው 42.18 ኪሎ መዘነ። ይህ እንግዲህ የአንድ ታዳጊ ልጅ ክብደት ነው!

ታዲያ አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ትልቅ ከሆነ ምኑ ያምታታል? የሚያምታታው ንጉሡም ልጅ ሆኖ ማደጉ ነው። ልጅ እግር ኪንግ መጠኑ ካደገው ስፓኒሽ ጋር እኩል ነው። ከነሱ መንጋ ጋር ተቀላቅሎ ይዋኛል፤ በአንድ ጀልባ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት መንጠቆ ይያዛል። በረዶ ሳጥን ውስጥ ሲጋደሙ መንታ ይመስላሉ።

ነጠብጣቡን አትመኑ!

የባልሽ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ስፓኒሽ ማከረል ጎኑ ላይ ወርቃማ ነጠብጣብ አለው፤ ይህ እውነት ነው። ያደገ ኪንግ ደግሞ ነጠብጣብ የለውም፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ልጅ እግር ኪንግ ነጠብጣብ አለው! እያደገ ሲሄድ ነው የሚጠፋለት። ስለዚህ "ነጠብጣብ ካለው ስፓኒሽ ነው" ያለ ሰው ልጁን ከአዋቂ አምታቷል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ዓሣ ከውኃ ከወጣ በኋላ ቀለሙ ይደበዝዛል። በባሕር ላይ እንደ ወርቅ ያብለጨለጨው ነጠብጣብ ማታ ቤት ሲደርስ ላይታይ ይችላል። ጓደኛማቾቹ የተከራከሩትም ሊሆን የሚችለው አንዱ ጠዋት ያየውን፣ ሌላው ማታ ያየውን ይዞ ነው። በቀለም ብቻ ዳኝነት አይሰጥም፤ ለሰውም ለዓሣም!

ሦስቱ ምልክቶች

አንደኛ፦ የጎን መስመር። ዋናው ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ዓሣ ከጭንቅላቱ ጀርባ ተነስቶ በጎኑ በኩል እስከ ጅራቱ የሚሄድ ቀጭን መስመር አለው። ጌጥ አይደለም፤ የውኃውን ንዝረት የሚሰማበት እንደ ጆሮም እንደ ቆዳም የሚያገለግል አካሉ ነው። አሁን ይህን መስመር በጣታችሁ ተከተሉት። ጀርባው ላይ ሁለት ክንፎች አሉ፤ የፊተኛውና የኋለኛው። በኋለኛው ክንፍ ሥር ስትደርሱ መስመሩ ድንገት ቁልቁል ከወረደና ከዚያ ወደ ጅራቱ ከሄደ ኪንግ ነው። መስመሩ ቀስ እያለ፣ ሳይሰበር፣ እየተንሸራተተ ከወረደ ስፓኒሽ ነው።

ለአዲስ አበባ ልጅ በምሳሌ ላስረዳ። የኪንጉ መስመር ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ እንደሚወርደው መንገድ ነው፤ ፍሬን ያስይዛል። የስፓኒሹ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ እንደሚወስደው ነው፤ መውረዳችሁ ሳይታወቃችሁ ትደርሳላችሁ። የዚህ ምልክት ጥሩነቱ በዕድሜ አለመለወጡ ነው። ልጅ እግሩም ሽማግሌውም ኪንግ መስመሩ ያው ስብር ያለ ነው።

ሁለተኛ፦ የፊተኛው የጀርባ ክንፍ። ይህ ክንፍ ዓሣው ሲሞት ታጥፎ ጀርባው ውስጥ ስለሚተኛ ብዙ ሰው አያየውም። በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። ሹል ነውና ተጠንቀቁ። የፊት በኩሉ እንደ ከሰል ጥቁር ከሆነ ስፓኒሽ ነው። ጥቁር የሌለበት፣ ዳር እስከ ዳር ግራጫ ከሆነ ኪንግ ነው።

ሦስተኛ፦ ነጠብጣቡ። ይህ የመጨረሻው ነው፤ ያውም ረዳት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ዓሣው ትልቅ ሆኖ ነጠብጣብ ከሌለው ኪንግነቱን ያጠናክራል። ዓሣው ትንሽ ከሆነ ግን ነጠብጣቡን እንዳላየ እለፉት፤ ወደ መስመሩና ወደ ክንፉ ተመለሱ።

አንድ ሦስተኛ ዘመድም አላቸው፤ ሴሮ ይባላል። በደቡብ ፍሎሪዳ ደሴቶችና በካሪቢያን በብዛት ይገኛል። ክንፉ ጥቁር፣ መስመሩ ቀስ ብሎ የሚወርድ ስለሆነ ስፓኒሽ ይመስላል። የሚለየው በነጠብጣቦቹ መሃል ከፊት ወደ ኋላ የተሰመረ ወርቃማ መስመር ስላለው ነው።

እሺ፣ ምኑ ነው የሚያስፈራው?

ነገሩ ባዜቃ ነው፤ ሜርኩሪ የሚባለው። ባዜቃ በተፈጥሮም፣ ከድንጋይ ከሰል ጭስም፣ ከፋብሪካም እየወጣ ወደ ውኃ ይገባል። እዚያ ጥቃቅን ሕዋሳት ወደ ሌላ፣ የባሰ ዓይነት መርዝ ይለውጡታል። ትንሽ ዓሣ ያንን ይበላል፤ መካከለኛው ትንሹን ይበላል፤ ትልቁ መካከለኛውን ይበላል። እያንዳንዱ የበላውን መርዝ ሥጋው ውስጥ ያከማቻል። ስለዚህ ሌላውን ዓሣ እየበላ ብዙ ዓመት የኖረ ትልቅ ዓሣ በርካታ ባዜቃ ይዞ ይገኛል። ንጉሥ ሲበላ የኖረውን ሕዝቡ ይከፍላል እንደሚባለው ነው!

መርዙ ያለው በሥጋው ውስጥ ነው። ቆዳውን ብትገፉት፣ በሎሚ ብታጥቡት፣ በበርበሬ ብታሹት፣ እሳት ላይ ብታከርሩት አይወጣም። ነፍሰ ጡር ስትበላው በእትብቱ በኩል ወደ ልጁ ይሻገራል፤ በማደግ ላይ ያለውን አንጎሉንና ነርቩን ሊጎዳ ይችላል። ዓለም ይህን በደንብ ያወቀው ከጃፓኗ ሚናማታ ነው። እዚያ ከፋብሪካ ወደ ባሕር በፈሰሰ ባዜቃ የተመረዘ ዓሣ የበሉ ሰዎች በሽታ በ1956 እ.ኤ.አ. በይፋ ታወቀ። እናቶቹ እምብዛም ሳያማቸው ልጆቻቸው ክፉኛ ተጎድተው የተወለዱ ነበሩ። እርግጥ የሚናማታው መጠን እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ ከባልሽ ዓሣ ጋር አይወዳደርም። ግን ፅንስ ከእናቱ ይልቅ ስስ መሆኑን ያስተማረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባደረገው ምርመራ በአማካይ በአንድ ኪሎ ሥጋ ውስጥ የተገኘው ባዜቃ እንዲህ ነው፦

ኪንግ ማከረል፦ 0.73 ሚሊግራም
ስፓኒሽ ማከረል ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፦ 0.454 ሚሊግራም
ስፓኒሽ ማከረል ከደቡብ አትላንቲክ፦ 0.182 ሚሊግራም
ሳልሞን፦ 0.022 ሚሊግራም
ቲላፒያ (የኛው ቆሮሶ ወገን)፦ 0.013 ሚሊግራም

አያችሁ? ኪንጉ ከአትላንቲኩ ስፓኒሽ አራት እጥፍ፣ ከቲላፒያ ከሃምሳ እጥፍ በላይ ነው። በዚህ የተነሳ መሥሪያ ቤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ ነፍሰ ጡሮች እንዳይበሏቸው ከዘረዘራቸው አራት ዓሦች አንዱ ኪንግ ማከረል ሆነ። በ2017 እ.ኤ.አ. ከአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ጋር ሆኖ ዓሦችን በሦስት ክፍል መደባቸው፦ "ምርጥ"፣ "ጥሩ" እና "የሚወገዱ"። ኪንግ ማከረል "የሚወገዱ" ውስጥ ነው። ስፓኒሽ ማከረል ደግሞ "ጥሩ" ውስጥ፤ ይኸውም ነፍሰ ጡር በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ፣ 113 ግራም ያህል የምትበላው ነው። ይህ በግምት የእጅሽን መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ነው። በዚያ ሳምንት ሌላ ዓሣ አይጨመርበትም።

እንግዲህ እህቴ፣ ባልሽን ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛው "መስመሩ እንዴት ነው?" ሁለተኛው ደግሞ "የያዝከው በየትኛው ባሕር ነው?" ፍሎሪዳ ግራና ቀኟ ባሕር ነው። በምሥራቅ በኩል አትላንቲክ፣ በምዕራብ በኩል የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ። ስፓኒሹም ቢሆን ከባሕረ ሰላጤው የተያዘው በምርመራው ከሁለት እጥፍ በላይ ባዜቃ ተገኝቶበታል። ከዚያ በኩል ከሆነ ለእርግዝናሽ ጊዜ ጭራሹን ብትተዪው ምን ይጎድልሻል?

ትንሹ ኪንግስ?

ብልጥ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሳል። "ባዜቃ የሚበዛው ትልቁ ላይ ከሆነ ትንሹ ኪንግ ምን አደረገ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያ፣ ደቡብ ካሮላይናና ሰሜን ካሮላይና በጋራ ባወጡት ማስጠንቀቂያ 99 ሴንቲሜትር (39 ኢንች) ያለፈውን ኪንግ ማንም ሰው እንዳይበላው መከሩ። ከ84 እስከ 99 ሴንቲሜትር ያለውን በልክ ብቻ አሉ። ስለዚህ ትንሹ ከትልቁ ይሻላል።

ግን ሌላ ወጥመድ አለበት፤ ሕግ! ፍሎሪዳ ውስጥ ስፓኒሽ ከ12 ኢንች (30 ሴንቲሜትር ገደማ) ጀምሮ መያዝ ይፈቀዳል። ኪንግ ግን ቢያንስ 24 ኢንች (61 ሴንቲሜትር) መሆን አለበት። የሚለካው ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ መንታ መሃል ነው። ባልሽ "ስፓኒሽ ነው" ብሎ የያዘው የ18 ኢንች ዓሣ ልጅ እግር ኪንግ ሆኖ ቢገኝ፣ ወደብ ላይ የሚጠብቀው ተቆጣጣሪ "አላወቅሁም" ማለቱን አይሰማውም። ቅጣት ነው። ስደተኛ ሰው ደግሞ በዓሣ ምክንያት ከሕግ ጋር መነካካት ምኑ ደስ ይላል?

ስለዚህ ኪንግ በሁለት በኩል አጣብቂኝ ነው። ትንሹ ሕግ ይከለክለዋል፤ ትልቁ ጤና ይከለክለዋል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ትንሽም ትልቅም የለም፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ስሙ ብቻ ነው።

የበላሁትስ?

እህቴ፣ የበላሽው ዓሣ ሌሊት እንቅልፍ ሊነሳሽ አይገባም። የባዜቃ ጉዳት በዋናነት ደጋግሞ በመብላት የሚመጣ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ መብላት ማለት ልጅሽ ተጎዳ ማለት አይደለም። ሰውነትም ቀስ በቀስ ያስወጣዋል፤ የያዘውን ግማሽ ለማስወጣት ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። አሁን ማድረግ ያለብሽ ሦስት ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ስንት ጊዜና ምን ያህል እንደበላሽ ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪ። ሐኪሙ ካስፈለገ በደም ምርመራ ሊያየው ይችላል።

ደግሞ "ዓሣ በቃኝ" ብለሽ እርግፍ አድርገሽ እንዳትተዪ! አማትሽ ልክ ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው። ዓሣ ለልጁ አንጎል የሚጠቅም ቅባትና ፕሮቲን አለው። ያው መሥሪያ ቤት ነፍሰ ጡሮች ባዜቃ የማይበዛባቸውን ዓሦች በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲበሉ ይመክራል። ሳርዲን፣ ሳልሞን፣ ቲላፒያ "ምርጥ" ከሚባሉት ናቸው። ሳርዲን በቃሪያና በሽንኩርት ብትሠሪው ማን ይጠላል?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለባልሽም ነው። የማከረል ዘር ወዲያው በረዶ ውስጥ ካልገባ ሌላ መርዝ ይፈጥራል። ይህም በማብሰል አይጠፋም። የበላው ሰው ብዙም ሳይቆይ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሰውነቱን ያሳክከዋል። ጀልባ ላይ በፀሐይ የዋለ ማከረል፣ ኪንግም ሆነ ስፓኒሽ፣ ቤት አይግባ።

የጠቡስ ነገር?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ባልሽ ያኮረፈው ለዓሣው አይመስለኝም። በሰው አገር ሳምንቱን ሙሉ ሲታዘዝ የሚውል ወንድ፣ ቅዳሜ ማታ በገዛ እጁ ያመጣውን ሚስቱ ስትበላለት ማየት ትልቅ ነገር ነው። "አልበላም" ስትዪው የሰማው "አንተን አላምንም" የሚለውን ነው። አንቺ ደግሞ ሲስቅብሽ የሰማሽው "የልጅሽ ነገር አያሳስበኝም" የሚለውን ነው። ሁለታችሁም ያልተባለውን ሰማችሁ።

ስለዚህ "አታምጣ" አትበዪው። "አብረን እንለየው" በዪው። ጋዜጣውን ስጪውና ይህን ይስማ፦ ወንድማችን ሆይ፤ ዓሣውን ሳትቆርጥ፣ ጭንቅላቱም ጅራቱም ሳይነካ ወደ ቤት አምጣው። አንዴ ተገፎና ተቆራርጦ ሥጋ ብቻ ከሆነ እንኳን አንተ፣ አንተን ያስተማሩህም በዓይን አይለዩትም። ሕጉም ቢሆን ወደብ እስክትደርስ ሙሉውን እንድታቆየው ነው የሚፈልገው። ጠረጴዛው ላይ አጋድመውና ከባለቤትህ ጋር መስመሩን በጣታችሁ ተከተሉት። ስፓኒሽ ከሆነ የሷን የመዳፍ ቁራጭ ለይላት፤ ኪንግ ከሆነ ለሷ ሳርዲን ክፈትላት። በባዜቃው ጉዳይ አንተም ብትሆን ትልቁን ኪንግ ባትለምደው ይሻልሃል። ደግሞ ሚስትህ ስትጠይቅህ አትሳቅ። ዘጠኝ ወር የምትሸከመው እሷ ናት።

ካልተለየስ? ተጠራጠራችሁ? አባቶቻችን መልሱን ድሮ ተናግረውታል፤ "ከነገሩ ጦም እደሩ!"

ዓረብ አገር ላላችሁ

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን ባሕር ስለሌላት የባሕር ዓሣን ብዙዎቻችን የምንተዋወቀው በስደት ነው። በተለይ በዱባይ፣ በኩዌት፣ በሳውዲ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ገበያ ስትላኩ "ኪንግ ፊሽ" ወይም "ከንዓድ" የሚባል ዓሣ ታውቁ ይሆናል። ይህ ከላይ ያልነው የአትላንቲኩ ኪንግ አይደለም። የአጎት ልጅ ነው፤ በቀይ ባሕርም፣ በምጽዋ በኩልም አለ። ከጀርባው ወደ ሆዱ የሚወርዱ ቀጫጭን ጥቋቁር ዥንጉርጉር መስመሮች አሉት። የሚገርመው እንግሊዝኛ መጻሕፍት ይህንኑ ዓሣ ከስፓኒሽ ማከረል ወገን አድርገው ነው የሚጠሩት! አንዱ ገበያ ንጉሥ ያለውን ሌላው መጽሐፍ ስፔናዊ ይለዋል። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባል የለ? የዓሣ ስም መደገፊያም አይሆን።

እዚያም መንታ አለው። ኸባጥ የሚሉት አነስ ያለ ዘመዱ ጎኑ ላይ መስመር ሳይሆን ነጠብጣብ ነው ያለው። ደግሞም ያችው የጣት ዘዴ እዚያም ትሠራለች። የከንዓዱ የጎን መስመር ከኋለኛው ክንፍ መጨረሻ ሥር ቁልቁል ይሰበራል፤ የኸባጡ አይሰበርም። የባዜቃውን ቁጥር ግን ከአሜሪካው ገልብጣችሁ አትውሰዱ፤ ባሕሩም ዓሣውም ሌላ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ የምትኖሩበትን አገር ሐኪም ጠይቁ። እስከዚያው ከትልቅ አዳኝ ዓሣ ትንሹን መምረጥ በየትም አገር አያስከፋም።

በመጨረሻ

ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣ ላይ መለጠፍ ለምትፈልጉ ባጭሩ እነሆ፦

መስመሩ ድንገት ቁልቁል ከወረደ ኪንግ፤ ቀስ ብሎ ከወረደ ስፓኒሽ።
የፊተኛው ክንፍ ከፊት ጥቁር ከሆነ ስፓኒሽ፤ ግራጫ ከሆነ ኪንግ።
ነጠብጣብ ብቻውን ምስክር አይሆንም።
ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ኪንግ አትበላም። ስፓኒሽ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ መዳፍ የምታህል።
ያልተለየ ዓሣ ድስት ውስጥ አይገባም።

እህቴ፣ ልጅሽን በሰላም ተገላገዪ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ! ባልሽም ከእንግዲህ ቅዳሜ ሲመጣ በር ላይ የምትጠይቂው "ስንት ያዝክ?" ብቻ ሳይሆን "መስመሩን አየኸው?" ይሁን።

እናንተም ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን፤ ስማችሁን አናወጣም። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ!